የተሳቢው ፍሬን

ሥራዬ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ማከራየት ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ግቢያችን ዕቃ እየጫንን ሠርግም ለቅሶም ወዳለበት እናደርሳለን፤ ዛሬ ኮምቦልቻ፣ ነገ ቢስቲማ። በዚህ ሥራ ላይ ምላሴ እንደማይተኛ አገር ያውቃል። የተሰበረ ወንበር ከደህናው ሥር ደብቆ የሚመልስ ደንበኛ ካለ፣ የሙሽራው አባትም ይሁን የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ፊት ለፊት ነው የምነግረው። ለገዛ አባቴ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር አቅቶኝ ወራት መክረሜን ብናገር ግን የሚያውቁኝ ሰዎች አያምኑኝም።

ዓረፍተ ነገሯ «አባ፣ መንዳቱ ይብቃህ» የምትል ናት።

አባቴ አርባ ዓመት ያህል ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ነድቷል። ሰው ሁሉ በሚያርፍበት ዕድሜ እሱ የእኔን ሥራ ተቀላቀለ። ከፍ ያለች፣ አራቱም ጎማዋ የሚነዳ አሮጌ የቤት መኪና ገዛን፤ ከኋላዋ የምትቀጠለውን ተሳቢ ደግሞ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሳ በጨረታ አገኘናት። እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ከተማ ውስጥ እነዳለሁ። ተሳቢዋ ስትቀጠል ግን መሪው የአባቴ ነው። እንዲህ ይሁን ብለን ተነጋግረን አናውቅም፤ ዝም ብሎ እንደዚያ ሆነ።

ከረመዳን በፊት አንድ ቀን በሰኞ ገበያ በኩል ስናልፍ አንድ ባለ ጋሪ ሽንኩርት ጭኖ ከፊታችን ገባ። እኔ ከሩቅ አይቼዋለሁ። «አባ!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ፍሬን የረገጠው ከጩኸቴ በኋላ ነው። ረግጦም ተሳቢዋ ከኋላ ገፋችንና ጋሪውን ነካነው። ሰው አልተጎዳም። ሽንኩርቱ አስፋልቱን ሞላው፣ ባለ ጋሪው የአፉን ተናገረ፣ አባቴ ወርዶ አብሮት ለቀመ። ተመልሶ ሲገባ እጁን እያራገፈ፣

«ይቺ ተሳቢ ፍሬን የላትም እኮ። እሷ ናት የገፋችን» አለ።

ልክ ነው፣ ገፍታናለች። መጀመሪያ የዘገየችው ግን እሷ አልነበረችም። ይህን አውቃለሁ። አውቄም «አዎ፣ እሷ ናት» አልኩት፤ ውስጤም ደስ አለው። ጥፋቱ የተሳቢዋ ከሆነ ተሳቢዋን ማሠራት ይቻላል፤ ለአባቴ ምንም ማለት አያስፈልግም። ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

በዚያው ሳምንት ኮምቦልቻ ወዳለ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ሄድኩ። እሁድ እሁድ ዲያቆን ሆኖ ይቀድሳል፤ በሌላው ቀን ዳሽቦርድ ሥር ተገልብጦ ይውላል። የተሳቢዋን ጎማ ፈትቶ ውስጡን አሳየኝ። ፍሬን አላት ለካ! በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ጎማው ውስጥ ያለ ማግኔት መብራት ሲደርሰው የፍሬኑን ሸራ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ታምቡር ጋር ያጣብቀዋል። ችግሩ መብራቱን ልክና መጠን ሰጥቶ የሚልክላት ነገር መኪናችን ላይ አለመኖሩ ነው። «የፍሬን መቆጣጠሪያ ይባላል፤ እዚህ አገር አላገኝልሽም» አለኝ። ጅዳ ላለው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለዒድ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሳሙና የምታክል ጥቁር ሳጥን ይዞልኝ መጣ።

ለማስገጠም የሄድነው ዒድ ካለፈ በኋላ አርብ ቀን ነው፤ ተሳቢዋን ባዶዋን ጎትተን። ዲያቆኑ ከሳጥኗ የወጡትን አራት ሽቦዎች በጣቱ እየለየ አሳየን። ጥቁሩ ከባትሪው በፊውዝ በኩል ይመጣል፤ ነጩ ኔጋቲቭ ነው፤ ቀዩ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ካለው የመብራት ማብሪያ ይገናኛል፣ አባቴ ፍሬን ሲረግጥ ሳጥኗ እንድታውቅ፤ ሰማያዊው ደግሞ በመኪናዋ ሆድ ሥር ተዘርግቶ እስከ ተሳቢዋ ሶኬት ይሄዳል። ከዚያ እግሮቹን መቀመጫው ላይ ሰቅሎ፣ ጭንቅላቱን ፔዳሎቹ መሃል አስገብቶ፣ የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ይዞ ሥራውን ጀመረ። የሚታየን ካልሲው ብቻ ነው። በየመሃሉ «ፒንሳ» ይላል፤ አቀብለዋለሁ። «ናስትሮ» ይላል፤ አቀብለዋለሁ።

ሰማያዊውን ሽቦ አገናኝቶ ሲሞክረው አልሠራም። ፊውዙን አየ፣ ሽቦውን ለካ፣ ሁሉም ደህና ነው። መጨረሻ ላይ ጥፋቱ ተሳቢዋ ላይ ተገኘ። የካምፑ ሰዎች ለጨረታ ሊያሳምሯት ቀለም ሲቀቧት ኔጋቲቩ የሚያያዝበትን ብረት አብረው ቀብተውታል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ብረቱን አወጣው። በዚህ መሃል ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አባቴ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሄደ። ዲያቆኑ ጾመኛ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ሁለት ሳንቡሳ ይዤ ግድግዳ ሥር ተደብቄ የበላሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አባቴ ሳይመለስ ሥራው አለቀ። ሳጥኗ ከመሪው በስተቀኝ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ተገጥማለች። ዲያቆኑ ጠራኝና አስረዳኝ።

«ይቺ ጥርሳም መዘውር የተሳቢዋን ፍሬን ጉልበት ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች። እንደ ጭነቱ ነው። ይቺ ምላስ ደግሞ፣ አየሻት? በጣት ስትገፋ የመኪናው ፍሬን ሳይነካ የተሳቢዋ ብቻ ይይዛል። ለመሞከሪያና ተሳቢዋ ስትወዛወዝ ቀጥ ለማድረጊያ ናት። ጫን፣ ለቀቅ ነው። ከደሴ ወደዚህ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ይዘዋት እንዳይወርዱ አደራ። የድሮ የጭነት መኪና ፍሬን አይደለም፤ ትንሽ ነው፤ ይቃጠላል።»

«ለአባቴ ንገረው» አልኩት።

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።»

አባቴ ከጁምዓ ተመለሰ። ዲያቆኑ ሾፌር ወንበር ላይ አስቀምጦት ሳጥኗን አሳየው። መዘውሯን አስረዳው። ምላሷ ላይ ሲደርስ አባቴ ቀደመውና በጣቱ ገፋት። ከኋላ የተሳቢዋ ማግኔት እም ሲል ተሰማ። የአባቴ ፊት በራ፤ እንደዚያ ሲደሰት ካየሁት ስንት ጊዜዬ።

«ይቺማ የጥንቷ ናት! እኔ ስነዳት የኖርኳት መኪና መሪዋ ሥር ዘንግ ነበራት፤ እሷን ስስብ ተሳቢው ብቻ ነው የሚይዘው። ስንቱን ቁልቁለት በሷ ወርጃለሁ!»

ዲያቆኑ አየኝ። እኔም አየሁት።

«እርስዎማ ያውቁታል፤ እኔ ነኝ ከእርስዎ መማር ያለብኝ» አለ ዲያቆኑ፤ ካቻቢቴውንም ኪሱ ከተተ።

በሰባት ቋንቋ ልጮህ እችል ነበር። አልጮህኩም። አርባ ዓመት ተሳቢ የጎተተን ሰው፣ ያውም አባቴን፣ በሌላ ሰው ፊት ስለ ፍሬን ላስተምረው? ነውር መሰለኝ። ቤት ስንገባ እነግረዋለሁ አልኩ። ከከተማው ወጣ ብለን ሜዳው ላይ የፍሬኑን ጉልበት አስተካከልን፤ አባቴ «ማሻአላህ፣ ከኋላ እንደያዘህ ሰው ናት» እያለ ዳገቱን ወጣን። ዳገት ላይ ፍሬን ማን ይፈልጋል! ቤት ስንገባም አልነገርኩትም። በማግስቱም አልነገርኩትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ለኮምቦልቻ ሠርግ ሙሉ ጭነት ጭነን ወጣን። ድንኳኑ ከነብረቱ፣ ሁለት መቶ ወንበር፣ ድስቱ ሁሉ። አባቴ «ቢስሚላህ» ብሎ ሐረጎን መውረድ ጀመረ። ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሮ ጣቱ ምላሷ ላይ ነበር። እንደ ጥንቱ፣ ገፍቶ ይዟት፣ ዘና ብሎ ነው የሚወርደው። ፔዳሉን ብዙም አይነካውም። አየሁ። ሁለተኛው ኩርባ ላይም አየሁ። አሁን ይለቃታል አልኩ። እሱ ያውቃል አልኩ። አፌን ከፍቼ ስለ ሠርጉ ወጥ ሠሪዎች ማውራት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የፍሬን ሸራ ሲቃጠል የሚሸተው። አባቴ «የፊተኛው መኪና ነው» አለ። በጎን መስታወቱ ሳይ ጭሱ ከእኛ ተሳቢ ጎማ ነው የሚወጣው።

«አባ፣ ልቀቃት! ጣትህን አንሳ!»

ለቀቃት። ለካ የተሳቢዋ ፍሬን ተቃጥሎ መያዙን ትቶ ኖሯል፤ ያ ሁሉ ጭነት ከኋላችን ሄደብን። ፔዳሉን ረገጠ፤ መኪናዋ ፍጥነቷን መቀነስ አቃታት። ከፊታችን ኩርባ አለ፤ ከኩርባው ወዲያ ገደል ነው። እውነቱን ለመናገር ልጆቼን አሰብኩ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

አባቴ አልጮኸም። ማርሹን ወደ ሁለተኛ ጣለው፣ ሞተሩ አጓራ። ወደ አንደኛ አወረደው። የእጅ ፍሬኑን ሳብ ለቀቅ እያደረገ መኪናዋን ወደ ተራራው በኩል አስጠጋና ጎማዎቹን የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ከተታቸው። ድስቶቹ ተንጫጩ። የቀኝ ጎናችን አፈሩን እየፋቀ ሄዶ ሄዶ ቆምን።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «አብሽሪ፣ ቆመናል።»

ወርደን ለጎማዎቹ ድንጋይ አስደገፍን። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አይቶን ቆመና ጄሪካን ይዞ ወረደ።

«አባባ፣ ውሃ ላፍስበት?»

«አይ ልጄ፣ ውሃ እንዳይነካው፤ ታምቡሩ ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ ራሱ ይቀዘቅዛል። አላህ ይስጥልኝ።»

ሹፌሩ ሄደ። አባቴ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጭኖቹ መሃል ከተታቸው። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባ፣ ነግሮኝ ነበር» አልኩት። «ይዘዋት እንዳይወርዱ ብሎኝ ነበር። አንተ ጁምዓ ሳለህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተን ፍሬን ላስተምርህ?»

ዓይኑን ወደ ተሳቢዋ መለሰ። ከተሳቢዋ ጎማ ጭሱ እየቀነሰ ነው። ቆይቶ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣

«ሌላስ ያልነገርሽኝ አለ?» አለኝ።

በዚያች ሰዓት ውሸት ብትመጣልኝ ኖሮ እዋሽ ነበር።

«አለ። መንዳቱ ይብቃህ፣ አባ። ፍሬን ስትረግጥ ትዘገያለህ። በዚያ በሽንኩርቱ ጊዜም የዘገየኸው አንተ ነህ።» ይህን ብዬ አለቀስኩ። አገር በምላሴ የሚፈራኝ ሴትዮ መንገድ ዳር እንደ ሕፃን ተነፋረቅኩ።

አባቴም፣ «እኔ እኮ ሹፌር አጥተሽ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው እንጂ» አለ። እውነቱን ይሁን ፊቱን ለማዳን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም። «እያለቀስሽ ግን አትነጅም» ብሎ ነጠላዬን አቀበለኝ።

ታምቡሮቹ እጅ እስኪያስነኩ ጠበቅን። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ነካቸው። ከዚያ በመኪናዋ ፊት ዞሮ የተሳፋሪውን በር ከፍቶ ገባ። እኔ ሾፌር ወንበር ላይ ወጣሁ። ወንበሩ ለእሱ እግር ወደ ኋላ የተሳበ ነው፤ ወደ ፊት አመጣሁት።

«አንደኛ ላይ ውረጂ። ማርሽ አትቀይሪ፤ ማንም ጡሩንባ ቢነፋብሽ» አለኝ።

ከቦዩ ወጥተን እየተንፏቀቅን ወረድን። መጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን ረገጥኩ፤ ከረገጥኩ በኋላ ከጎኔ ድም የሚል ሰማሁ። የአባቴ ጫማ ነው። ፔዳል በሌለበት በኩል ወለሉን ረግጧል። ቀጣዩ ኩርባ ላይም እንዲሁ፤ እኔ እረግጣለሁ፣ ከዚያ የእሱ ጫማ ይመታል። አንድም ጊዜ አልቀደመኝም። ምነው አንዴ እንኳ በቀደመኝ እያልኩ በየኩርባው ጠበቅኩ። እሱም ጫማው ከእኔ በኋላ እየመታ መሆኑን ሰምቷል መሰለኝ። የኮምቦልቻ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ እግሩን ቀስ ብሎ ሰበሰበና ወንበሩ ሥር አስገባው።