ያላደረስኩት የጋሽ ወርቁ ቃል

ሰው አፉ አድርጓችሁ፣ አምኖ የሰጣችሁን ቃል መንገድ ላይ አስቀርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቀርቻለሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

አስተማሪ ነኝና በቅደም ተከተል ላስረዳ። የማስተምረው በስደት በምኖርበት በአውሮራ ከተማ ነው። በቅርቡ ግን የሆስፒታል አስተርጓሚ ልሆን ነው፤ ለተማሪዎቼ ወላጆች ሳስተረጉም ሥራው ልቤን ስቦት ነው። ለቃለ መጠይቁ ስዘጋጅ ያለፉ ሥራዎቼን አንድ በአንድ አስታወስኩ። ሌክውድ በሚባል ቦታ አረጋውያን መንከባከቤን በደስታ ለራሴ አወራሁት። ኮሜርስ ሲቲ ያለውን ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘኑን፣ ግን ዘልዬ አለፍኩት።

ከዓመታት በፊት እዚያ ያስገቡኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው። መኪና ስላልነበረኝ ጠዋት ጠዋት ከኮልፋክስ ጎዳና እያነሱ ይወስዱኝ ነበር። እንግሊዝኛ ስለሚያስቸግራቸው ደግሞ ከአለቃችን ከሱፐርቫይዘሩ ጋር የማገናኛቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ፎርክሊፍት፣ ያንን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ለመንዳት የሚሰለጥን ሰው እንደሚፈለግ ሰሙ።

“ልጄ፣ ሳጥን ማንሳቱ ወገቤን ጨረሰው። እኔን ያሰልጥነኝ በይልኝ” አሉኝ።

አብረን ሄድን። አጠገባቸው ቆሜ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ፣ ለሱፐርቫይዘሩ “ያሉበት ሥራ ተመችቷቸዋል፤ መሰልጠን የምፈልገው እኔ ነኝ” አልኩት። ለእሳቸው ደግሞ “ያስብበታል” አልኳቸው። “ተባረኪ” አሉኝ። ያን ዕለትም በእሳቸው መኪና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እኔ ተመረጥኩ። እሳቸው ሳጥን ማንሳታቸውን ቀጠሉ።

ምን ልበል? ልጅ ነበርኩ ልበል? እኔም ደክሞኝ ነበር ልበል? ቃሉ አልጠፋኝም፤ እያወቅኩ ለወጥኩት። እኔ ነኝ የለወጥኩት። ለተማሪዎቼ “ለወላጆቻችሁ ስታስተረጉሙ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ” እያልኩ የማስተምረውም እኔው ነኝ። በዚህ አፍ የበሽተኛን ቃል እንዴት እሸከማለሁ?

ቅዳሜ ፓርክ ሂል ሰፈር ያለው ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

“ታዲያ ያንን ምስኪን ሱፐርቫይዘር በከንቱ ስረግመው ኖርኩ?” አሉ። ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። “ሐሙስ ለወገቤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። ነይና አስተርጉሚልኝ። እኔ የምለውን ብቻ!”

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አላስቸኮልኳቸው።

ሐሙስ ሐኪሟ ሕመሙ የት እንደጀመራቸው ጠየቀቻቸው። “ዌርሃውስ፣ ሳጥን ሳነሳ” አሉ፣ እኔን እያዩ። ቃላቸው ሳይጎድል ደረሰ። ስንወጣ የመኪናቸውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡ።

“ዛሬ አንቺ አድርሺኝ።”

ጥፋቴን ይህ አያጥበውም፤ ወገባቸውም አልዳነም። አዲሱን ሥራ የምጀምረው ግን አንገቴን ሳልሰብር ነው። እናንተም ወደ ሌላ ሥራ ከመሻገራችሁ በፊት ያለፈውን መለስ ብላችሁ እዩት። የበደላችሁት ሰው ካለ በሩን አንኳኩ። እስቲ ሞክሩት።