አቡጀዲ ላይ ያየኋት ልጅ

ሲኒማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ደብረ ማርቆስ ገበያው ላይ፣ በጣሊያን ትእዛዝ ነው። ተደሰቱ ተብለን ተገደን ወጣን። አመሻሹ ላይ በአንድ መጋዘን ግድግዳ ነጭ አቡጀዲ ወጠሩ፤ ሞተሩ ማጓራት ጀመረ፤ እኛ ሴቶቹ ከኋላ ተፋፍገን ቆምን።

ያን ጊዜ ሳዱላ ነበርሁ። ያገራችን ልጃገረድ አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ብቻ ጠጉር ታስቀራለች፤ አናቷ ላይ የሚያድገው ስትዳር ነው። እናቴ ግን በዚያ ሰሞን መላጨቱን ትታልኝ ነበር። አባቴ ከአርበኞች ጋር ጫካ ከገባ ወዲህ፣ ወታደር በሞላበት ከተማ የደረሰች ልጅ ይዞ መቀመጥ እንቅልፍ ነሥቷት፣ ሮብ ገበያ በሚባል አገር ላለ ገበሬ ልትድረኝ ቃል ሰጥታለች። እኔ የምለምናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባባ እስኪመጣ ይቆይ። እሱ መርቆ እንዲድረኝ ነበር የምፈልገው።

አቡጀዲው ላይ ጠጉሯ እስከ ትከሻዋ የወረደ ልጅ መጣች፤ አንድ ጢማም ሰው ላይ ትጮኻለች።

«ባሏን እንዲህ ትናገረዋለች? ምን ያለች ባለጌ ናት!» አለች ጎረቤታችን።

ከጣሊያኖቹ ጋር የመጣው አስተርጓሚ ሰምቷት ዘወር አለ። «አባቷ ነው! ልጅቱ ገና አላገባችም።»

«ጠጉሯ እንዲህ አድጎ? ሂድ እቴ፣ ማንን ልታታልል ነው!»

ሴቶቹ ሳቁበት፤ ሰውየውም ባሏ እንደሆነ ቀረ። እኔ ግን አስተርጓሚውን አመንሁት፤ አመንሁትና ቀናሁባት። የምትጮኽበት አባት አላት! ከምትለው አንዲት ቃል ሳይገባኝ፣ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ የኔም ተንቀጠቀጠ። ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቃ ደረጃውን ወረደች። ሰውየው በረንዳው ላይ ቆሞ ያያታል። ተከተላት እንጂ፣ ምን ይገትርሃል፣ እለዋለሁ በልቤ። በዚህ መሀል ሞተሩ ጠፋ። ይሠራል ብለን ስንጠብቅ ዝናብ መጣና ተበተንን።

ክረምቱ እንደወጣ ተዳርሁ። በአባባ ፋንታ አጎቴ መረቀኝ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም አርበኞቹ ካሉበት ከጮቄ ተራራ በኩል የበቅሎ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እወጣ ነበር። አባባ ናፈቀኝ። ናፍቆቱ ሲከርም ንዴት ሆነ፤ ሲመጣ የምለውን ሁሉ ወፍጮ ላይ ሆኜ ለብቻዬ እለማመድ ነበር። ለምን ዘገየህ፣ ለማን ትተኸኝ ሄድህ፣ እያልሁ።

ጣሊያን በወጣ ጊዜ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከውጭ ሰማሁ። ድምፁን ለየሁት። ሮጬ ስወጣ አባባ ከስቶ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ያ ሁሉ የተለማመድሁት ቁጣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «ባለቤትሽ አለ? ልግባ?» አለኝ።

አባት ልጁ ቤት ለመግባት ፈቃድ አይጠይቅም። ፈቃድ የሚጠይቅ እንግዳ ነው፤ በእንግዳ ላይ ደግሞ አይጮኽም። በሩን ከፈትሁለትና አጎዛ አነጠፍሁ።