ጊታሩን የተቀበሉ አክስቶች

የወንድሜ ዘፈን የተወደደው እንደገና በጥራት ስለተቀረጸ አይደለም። በየሬዲዮው «በዘመናዊ ቀረጻ ታድሶ» የሚሉት ነገር ውሸት ነው። በጥራት ከሆነ የመጀመሪያው ቀረጻ በብዙ ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ደህና ስቱዲዮ ገብቶ፣ ሥራቸውን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ነበር የሠራው። ማንም አልሰማውም። ሁለተኛው የተቀረጸው ደብረ ብርሃን፣ ከአንድ ቀለም መሸጫ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳዋ ላይ ብርድ ልብስ ተቸንክሯል። ጆሮ ሰጥታችሁ ካዳመጣችሁ የባጃጅ ክላክስ ትሰማላችሁ። በአድማጮች ምርጫ አንደኛ ወጥቶ አልወርድ ያለው ይኸኛው ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሮክ ነው የሚጫወተው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሮክ የሚጫወት ሰው ሰርግ ላይ አይጠራም፤ ከተጠራም ተሳስተው ነው። ዘፈኑ አንኮበር ላይ ጉም ወርዶበት መንገዱ ስለጠፋው ሰው ነው። ግጥሙ አጭር ነው። መሃሉ ላይ ግን ወንድሜ አፉን ይዘጋና ጊታሩን ብቻውን ሲያስጮኸው ይቆያል። «ሮክ ማለት እሱ ቦታ ነው» ይላል። እዚህ አገር የሰው ድምፅ ሳይሰማ ያን ያህል የሚታገስ ጆሮ እንደሌለ፣ ስለ ሙዚቃ ያነበብኩትን ሁሉ እየጠቀስኩ አስረድቼው ነበር። ዛሬም ትክክል እንደነበርኩ አምናለሁ።

እንደገና ሊቀርጸው ሲነሳ አንድ ነገር ቆርጦ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄም ካልሆነ ጊታሩን ትቼ ሱቅ እገባለሁ» አለኝ። ሱቁ የሚስቱ ነው፤ የፕላስቲክ ጫማ ትሸጥበታለች። እየቀለደ እንዳልሆነ ፊቱን አይቼ አወቅሁ።

ለጭብጨባው ሁለት አክስቶቻችንን ከአንኮበር አስመጣ። በዚያ አካባቢ ያለእነሱ የደመቀ ሰርግ የለም። አንዱ ያቀነቅናል፣ እነሱ ይቀበላሉ። ቀራጩ፣ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት፣ አዝማቹ ላይ ብቻ እንዲያጨበጭቡ፣ ጊታሩ ብቻውን ሲሆን ዝም እንዲሉ ነገራቸው። «እሺ» አሉ። ጊታሩ ጀመረ። ትንሽ ታገሡ። ከዚያ ታላቂቱ አጨበጨበች፤ ታናሺቱ «አሃ!» ብላ ተከተለቻት።

ቀራጩ አስቆመ። «እማማ፣ እዚህ ጋ ዝም ነው ያልኳችሁ።»

«ዝም ብለን ነበር እኮ። ልጁ ብቻውን ሲቀር ጊዜ ነው!» አለች ታላቂቱ።

«ብቻውን መሆን አለበት። ሶሎ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«በቃ፣ ብቻውን የሚጫወትበት።»

አክስቴ ወደ ወንድሜ ዞረች። «ምን አድርገህ ነው ብቻህን የምትቀረው? ማንን አስቀየምክ?»

አቀንቃኝን ሳይቀበሉ መተው እኛ ዘንድ ከስድብ ይቆጠራል። ሰርግ ላይ አንድ ሰው ዘፈን አውጥቶ ተቀባይ ካጣ፣ የተጠላው ዘፈኑ ሳይሆን ሰውየው ነው። ዘመድ ያለው ሰው እንዲህ አይዋረድም። አክስቶቼ ጊታሩን እንደ ሰው ነበር የሰሙት፤ እየጮኸ መላሽ እንዳጣ ሰው።

ደግመው ሞከሩ፤ ደግመው ገቡ። ታናሺቱ ጭራሽ ጊታሩ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ እየጠበቀች እልል ትል ጀመር። ወንድሜ ተናዶ ክሩን ሊበጥሰው ምንም አልቀረው። በኋላ ግን አንዲት ሐረግ ተጫወተና ቆመ። መለሱለት። ሌላ ጨመረ፤ መለሱለት። ሲያበቃ ቀራጩ «ይቺን አጥፍቼ ከመጀመሪያው...» ብሎ ሳይጨርስ ወንድሜ «እጅህን እንዳታሳርፍበት!» አለው።

ሕዝቡ የወደደው ያንን ነው። አንድ የሬዲዮ አዋቂ «ሮክን ከባህል ጋር የማዋሃድ ድፍረት የተሞላበት ሙከራ» ሲል ሰምቼ ለታላቂቱ አክስቴ ነገርኳት።

«የምን ሙከራ? አዘንንለት እንጂ» አለች።

በቅርቡ ደብረ ብርሃን ላይ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተጫወተ። አክስቶቼ የገብስ አጨዳ ላይ ስለነበሩ አልመጡም። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ግጥሙን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ጊታሩ ጋ ሲደርስ ወንድሜ እንደ ቀረጻው አንዲት ሐረግ ተጫወተና ቆመ። ጸጥታ። ሰው ሁሉ ስልኩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ሁለተኛዋን ተጫወተና ቆመ። አሁንም ጸጥታ። ምት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፣ ግን አጨበጨብኩ። ከፊቴ የነበረች ወጣት ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ ቪዲዮዬ ውስጥ ድምፅዎ እየገባብኝ ነው» አለችኝ።

 ስንመለስ ቤቱ በር ላይ ወንድሜ፣ «እነሱ እኮ እኔን ሊሰሙ አልመጡም፣ ዘፈኑን እዚያው ስልካቸው ላይ አላቸው» አለ። ጫጫና ደብረ ሲና ሊጫወት ቃል ገብቷል። ከዚያ ወዲያ ጊታሩን ይቀጥል አይቀጥል አላውቅም ይላል፤ እኔም አልጠይቀውም።

ዘፈኑን የምትወዱ ከሆነ ሂዱ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና አጨብጭቡለት።