ከካባው ሥር ያለው ዋሻ

ማለዳ፣ መካነ ሰላም

ከመናኸሪያው ስንወጣ ከአባይ በረሃ የመጣው ጭጋግ ከተማውን ውጦታል። የሚኒባሷ መብራት ከፊታችን የምትሄደውን አህያ እንኳ በወጉ አያሳይም። ሾፌራችን ሰይድ ይባላል፤ መንገዱን እንደ ግቢው ያውቀዋል። ከጎኔ የተቀመጠችው ትርንጎ ከጂዳ ገና መመለሷ ነው። መምጣቷን እናቷ አያውቁም።

«ስልኳ አይሠራም። ድንገት ልድረስባት ብዬ ነው» አለችኝ።

እኔ የምሄደው ከመንደራቸው በላይ ያለውን ዋሻ አይቼ ለመጻፍ ነው። የጥንት ሰዎች አስከሬን ሳይፈርስ ተደርድሮ ይገኝበታል። አሁን ከዋሻው አናት ላይ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ተከፍቷል፤ ነዋሪዎቹም «ዋሻው ሊናድብን ነው» እያሉ ነው። የመንደሩን ስም እንዳልጽፍ ለምነውኛል።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ጭጋጉ ሲገፈፍ ውርጭ የመሰለ ነገር አየን። ባሕር ዛፉ፣ የገብሱ ማሳ፣ የበሬዎቹ ጀርባ፣ ሁሉም ነጭ ነው።

«የካባው አቧራ ነው» አለ ሰይድ። «ድማሚት በፈነዳ ቁጥር ይዘንባል። ዝናብም አያጥበው፣ ወላሂ።»

ትርንጎ መስኮቱን ዘጋች። «ይሄ የኛ አገር አይደለም። መንገድ ስተሃል።»

«አብሽሪ እህቴ። አልሳትኩም።»

እኩለ ቀን፣ መንደሩ

ሰው የለም። ውሻ አይጮህም። በሮቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ትርንጎ ሮጣ እናቷ ቤት ገባች፤ ተከተልኳት። ምድጃው ላይ የተጣደው ሽሮ ገንፍሏል፤ ፍሙ ገና ቀይ ነው።

«እማዬ!»

ከገደሉ የራሷ ድምፅ ተመለሰላት።

ወዲያው ሳይረን ጮኸ፤ የሰው ልቅሶ ይመስላል። አፋፉ ላይ ቀይ ባንዲራ ተተክሏል።

«ሊያፈነዱ ነው! መኪና ውስጥ ግቡ!» አለ ሰይድ።

ትርንጎ ግን ከዋሻው በኩል የብዙ ሰው ጉርምርምታ ሰምታ ዳገቱን ጀምራዋለች። ተከትለናት ወጣን።

ስንገባ ጉርምርምታው ጸጥ አለ። ሙታኑ ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ደርቋል፣ ጥርሳቸው ገጥጧል። በመካከላቸው ሕያዋን ተቀምጠዋል። ከጣሪያው የሚረግፈው አቧራ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጓቸዋል። ማን እንደሚተነፍስ፣ ማን እንደማይተነፍስ መለየት አቃተኝ። ትርንጎ እያጎነበሰች እያንዳንዱን ፊት ታያለች። አንዱ ፊት ዓይኑን ገለጠ።

«መጣሽ?» አሉ እናቷ።

ከአጠገባቸው የነበሩ አንድ መሪጌታ ቀስ ብለው ነገሩን። «አቤት ያላልንበት ቢሮ የለም። ሰው ካለበት አያፈነዱም ብለን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተመካክረን ገባን።»

«አንቺ እንኳ ውጪልኝ፣ ልጄ» አሉ እናቷ።

ትርንጎ ግን በእናቷና በአንዲት የደረቀች ሴት መካከል ቁጭ አለች።

ሳይረኑ ቆመ። ጠበቅን። ጠጠር ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። ሰይድ ዱዓ ሲያደርግ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

በዋሻው አፍ ሄልሜት ያደረገ ጎልማሳ ብቅ አለ፤ ድማሚቱን የሚያፈነዳው እሱ ነው።

«ውጡ እንጂ! ስንት ናችሁ?»

«ቁጠረና» አሉት የትርንጎ እናት።

ባትሪውን አብርቶ ጀመረ። አንዱን ፊት አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ተሳስቶ ተመለሰ። ብርሃኑ ጥግ ላይ ያለች ሴት ፊት ላይ ሲያርፍ ከዚያ አላለፈም። ቆጠራውን ተወው። ሄልሜቱን አውልቆ፣ ጀርባውን ሳይሰጠን ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ። በኋላ አፋፉ ላይ የድማሚቱን ሽቦ ሲጠቀልል አየነው።

ወደ ማታ፣ መልስ

ትርንጎ ቀረች። መታጠፊያው ላይ ያ ድማሚት የሚያፈነዳው ሰው ቦርሳውን አንግቶ እጁን ዘረጋ። ሰይድ ቆሞ ጫነው።

«ምን አየህ?» አልኩት።

«እናቴን» አለ። «ደጎሎ ነው ያለችው፣ ደህና ናት። ያቺ ጥግ ላይ ያለችው የደረቀች ሴት ግን ቁርጥ እሷን።»

«ነገ ባንተ ቦታ ሌላ ሰው ያመጣሉ?»

«ያመጣሉ።»

«እሱም ገብቶ ይቁጠራቸው» አለ ሰይድ።

መካነ ሰላም ደርሰን ሞተሩ ሲጠፋ ሰውየው ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። የእናቱ ድምፅ ለሁላችንም ይሰማል።

«ሃሎ? ልጄ? ምነው ዝም አልክ?»

«የት ነሽ?»

«ቤት ነኛ። የት እሆናለሁ?»

«እንዲያው ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው። አውሪልኝ።»

ስለ ገብሱ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ታወራለት ጀመር። እኛም በሩን ሳንከፍት ቁጭ ብለን አዳመጥናት።