የማታንጠባጥብ ብዕር

ልጆቹ ዛሬ ሳጥኔን ሲጎረጉሩ አንዲት ብረት አውጥተው፣ «እምየ፣ ይች ደግሞ ምንድን ናት? ንገሪን እንጂ» ብለው ያዙኝ። ስንዝር የማትሞላ የጃንጥላ ዘንግ ናት፤ ጫፏ ላይ ጥርስ የወጣለት የሞረድ ቁራጭ ተሰክቶባታል። ባሸታት የዝገት ሽታ ብቻ ነው ያላት፤ እኔን ግን የወይራ ፍቅፋቂ ሽታ ይዞኝ ሄደ።

አባቴ ጣና ዳር፣ ደንገሉ ጥግ ባለችው ጎጇችን ደጅ ተቀምጦ ለገዳማቱ የመቋሚያ እጀታ፣ ለሴቶች እንዝርት ሲቀርጽ፣ ጠፍሩን ወዲያና ወዲህ እየሳብሁ እንጨቱን የማሽከረክርለት እኔ ነበርሁ። ሌሎች ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ እኔ እንጨቱ እርጥብ ይሁን ደረቅ በጩኸቱ እለይ ነበር፤ በዚህም እንደ ትልቅ ሊቅ እኮራ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ወጣቱን ለጦር መመልመል ተጀመረ። ወንድሜ ይስማው፣ ዓሣ ሲበላ አጥንቱን እየለቀመ የሚያጎርሰኝ፣ ጢሙ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር የሚኮራባት የሽልማት ብዕር ነበረችው፤ የምልምሎቹ ስም ዝርዝር በሌላ እንዳይጻፍ አዟል። ገላዋ ቢሰነጠቅበት አመጣትና፣ «አያ ታከለ፣ በወይራ አልብስልኝ፤ የልጅህን ስም ዘለን እናልፋለን» አለው።

አባቴ ሠርቶ ሰጠ። በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ጸሐፊ ጌታነህ፣ የድሮ ዲያቆን ነው፣ ጣቱ በቀለም ተነክሮ መጣ። «ታንጠባጥባለች፣ አያ ታከለ። ዝርዝሩ ተበላሽቶ እንደገና ልጀምር ነው። አይቸኩሉ፣ ቀስ ብለው ይሥሯት።» አባቴ አስተካክሎ ሰጠው፤ ጌታነህ ደግሞ መለሳት። «አይቸኩሉ» አለ አሁንም።

አባቴ ብዕሯን ወደ ብርሃን ይዞ ያገላብጣታል። የወይራው ጫፍ ቀጥ ስላላለ ከብዕሯ አንገት ጋር ሲገጥም ፀጉር የምታህል ክፍተት ትታያለች። «እጄ ከዳኝ፤ ልጄ በዚች ቀዳዳ ሊሄድብኝ ነው» ይላል። ጫፉን ቀጥ አድርጎ የሚፍቅ መሣሪያ አሰበ፤ ልኩ የሚሆን ብረት ግን ከእናቴ የሠርግ ጃንጥላ በቀር አልተገኘም። ራሷ አምጥታ፣ «ለልጄ ከሆነ እኔንስ ብትቆርጠኝ!» አለችው። ዘንጉን ቆረጠ፤ ሞረዱን በፍም አግሎ፣ በስቶ ሰካባት። ዘንጓ የወይራው ቀዳዳ ውስጥ ገብታ ስትዞር ጥርሷ ጫፉን ጧት እንደተኛ ጣና ደልዳላ አደረገው። ክፍተቷ ጠፋች። የዚያን ዕለት አባቴ ሳቀ።

ለጌታነህ አልሰጥም ብሎ፣ እኔን አስከትሎ በቀጥታ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደ። ሊቀመንበሩ መዳፉ ላይ ጫር ጫር አደረገባት፤ ጠብ አላለችም። «እሰይ እጅህ!» ብሎ ጌታነህን እፊቱ አስቀመጠና ጻፍ አለው። ጌታነህ ብዕሯን ይዞ ቀና ብሎ አባቴን አየው፣ እኔንም አየኝ፤ የተቆጣን መሰለኝ። ሊቀመንበሩ የመጀመሪያውን ስም ጠራ፦

«ይስማው ታከለ።»

አባቴ፣ «ጌታዬ፣ ቃልዎ…» እንዳለ ቀረ።

ይስማው አልተመለሰም። አባቴ ጠፍሩን ሰቀለ፤ ከዚያ ወዲህ ወይራ ቤታችን አልገባም። ዛሬ ጎጇችን በነበረችበት አስፋልት ተነጥፎበታል፤ ከዚያ ሁሉ ቤት ለእኔ የተረፈችኝ ይች ብረት ናት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጌታነህ ሞቶ ለቅሶ ደረስሁ። ሚስቱ እጄን ይዛ ነገረችኝ። ብዕሯ ከአባቴ እጅ ስትወጣ አታንጠባጥብም ነበር፤ ቤቱ እየወሰደ የወይራውን ጫፍ በምላጭ የሚፍቀው ጌታነህ ራሱ ነው። ምልምሎቹን የሚጭነው መኪና፣ እኛ ብዕሯን ባስረከብን ማግሥት፣ ዝርዝር ያላደረሰውን ቀበሌ ትቶ ሊሄድ ነበር።