በጥየቃ ሰዓት የሚጠፋው የልብ ምት

ረጅምና ቀጭን ስለሆነች የሆስፒታሉ ሰዎች «አንቴና» ይሏታል፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች። ያደገችው በአባቷ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነው። የፈታችውን መግጠም ሲያቅታት እያለቀሰች ኖራ፣ ኋላ የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ ሆነች።

በዚያ ሰሞን የልብ ሕሙማን ክፍል አዲስ ነገር መጣለት፤ በታማሚው ደረት ላይ ተለጥፋ የልቡን ምት ያለ ሽቦ ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ የምትልክ ትንሽ መከታተያ። ጠዋት እንከን የላትም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠያቂ ሲገባ ግን ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይጠፋል። ነርሶቹ ነፍሳቸው እስክትወጣ ሮጠው ሲደርሱ፣ ታማሚው ቁጭ ብሎ ብርቱካን ይልጣል። የሻጩ ድርጅት ሰዎች ሁለቴ መጡ፤ ሁለቴም ጠዋት ነበርና ምንም የለባትም ብለው ሄዱ።

አንቴና አንድ ቀን በጥየቃ ሰዓት ጥግ ይዛ ቆመች። ስልክ የሌለው ጠያቂ የለም። ገመድ አልባ ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ የከተተ አለ፤ የእጅ ሰዓቱን ከስልኩ ያገናኘ አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ዓይነት ሞገድ ሲንጫጫ የትንሿን መከታተያ ድምፅ ማን ይሰማዋል? ልቧ በደስታ ዘለለ።

በማግስቱ ጠዋት ዋና ነርሷን አስፈቅዳ ሾፌሩንም፣ ወጥ ቤቷንም፣ ጥበቃውንም ለቃቅማ ሠላሳ ሰው አስገባች። የስልካችሁን ድምፅ አጥፍታችሁ ቪዲዮ እዩ አለቻቸው። ራሷ መከታተያ ደረቷ ላይ ለጥፋ ባዶ አልጋ ላይ ተጋደመች።

ዋና ነርሷ ከጠረጴዛዋ ቀና አሉ። «ልጄ፣ የልብሽ መስመር ጠፋ።»

«ተመስገን፣ ሞትኩ!» ብላ ከአልጋው ዘላ ወረደች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ከዚያ በኋላ እጇ አላረፈም። መከታተያዎቹ የሚልኩትን ምት የሚቀበለው መሣሪያ ከብረት ቁም ሳጥን ጀርባ ተወትፎ ነበር፤ አውጥታ ከአልጋዎቹ መሃል ጣሪያው ላይ ሰቀለችው። የክፍሉን ዋይፋይም መከታተያዎቹ ከሚጠቀሙበት የሞገድ መስመር አራቀችው። ሠላሳዎቹን መልሳ ብትጠራ፣ የልቧ ምት አንዴም አልተቆረጠም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠያቂው ጎረፈ። አንቴና ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቀረች። አሥር ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፤ የአሥራ ስድስቱም ታማሚዎች መስመር ሳይጠፋ ዘለቀ። ዋና ነርሷ ወንበር ስበው ተቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ።

«የሕፃናት ክፍልም እንዲህ ያስቸግራቸዋል አሉ» አሏት።

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አንቴና መሰላሏን ተሸክማ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ነበር።