ሐውሹ የተቀባ ዕለት

ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር የሠራሁበትን ቤት ሐውሽ እግሬ እስካሁን ያስታውሰዋል። ሐውሽ የሚሉት በአጥር የተከበበውን ግቢ ነው፤ ሣር የለው፣ ዛፍ የለው፣ ከዳር እስከ ዳር ኮንክሪት። በአንዱ ጫፍ ቤቱ፣ በሌላው ጫፍ የኔ ክፍል፣ መሐሉ ያ ምጣድ። ቀትር ላይ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ጫማዬን ከረሳሁ እየዘለልኩ ነበር የምመለሰው። የባሕሩ ጨው ደግሞ ኮንክሪቱን በልቶት እንደ ዱቄት ይረግፋል። ብጠርገው ይረግፋል፣ ባጥበው ይረግፋል። ወላሂ፣ በዚያ ቤት ቆሽቴን ያሳረረው ከሰው ይልቅ እሱ ነበር።

ሐጃ የምላቸው የቤቱ ጌታ እናት ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸውና ዛሬ በሕይወት የሉም። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስለሚላቸው ውዱእ የማስደርጋቸው እኔ ነኝ። ሰላት በደረሰ ቁጥር የቤቱ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከፊታቸው ተንበርክኬ ውሃ እያፈሰስኩ እግራቸውን፣ የጣቶቻቸው መሐል ሳይቀር፣ አሽላቸዋለሁ። እሳቸውም ዝም ብለው አይታጠቡም፤ ያወሩኛል፣ ይተርቡኛል። ዐረብኛሽ ወሎ ወሎ ይላል እያሉ ሲስቁብኝ፣ ያለ ቅመም ወጥ ይበላል ወይ እላቸዋለሁ። የሰው አገር ኑሮ የቀለለኝ እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ያኔ የሰፈራችን ሴት ልጅ ሁሉ ወደ ጅዳ የሚጎርፍበት ጊዜ ነበር። ሌላዋ አገሯ የምታሠራውን ቤት እያሰበች ስትወጣ፣ እኔ ግን የአባቴን አደራ ይዤ ነው የወጣሁት። ዕድሜውን ሙሉ ሐጅ ሲመኝ ኖሮ አልሆነለትም። ስንሰነባበት እጄን ይዞ፣ ‹‹ካዕባ ፊት ስትቆሚ ስሜን ጥሪልኝ፣ ዱዓ አድርጊልኝ›› አለኝ። እኔ ጅዳ እያለሁ ሞተ፤ አልቀበርኩትም። መካ ደግሞ ለጅዳ ቅርብ ናት፤ ጠዋት ሄደው ለምሳ ይመለሳሉ። ሆኖም የሰው ቤት ሠራተኛ በፈለገችው ቀን ብድግ ብላ አትሄድም። ዛሬ እንግዳ አለ፣ ነገ የልጆች ፈተና ነው ሲባል ዓመታቱ አለቁ። የአገሬ ትኬት ሲቆረጥልኝ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አደራ በልቼ እንዴት ነው የአባቴን ቤት የምረግጠው? ጭንቄን ለሐጃ አዋየኋቸው። እሳቸው ለልጃቸው ነገሩት፤ እሱም እሺ፣ ሐሙስ ሁላችሁንም ለዑምራ፣ ለትንሹ ሐጅ፣ መካ እወስዳችኋለሁ አለ። እኔ የምበረው ቅዳሜ ነው።

ማዳም፣ ማለት የሐጃ ምራት፣ ነገር አዋቂ ናት። ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ቀን ከተገኘ ሐውሹም በዚያው ይቀባ አለች፤ የተቀባ ወለል እስኪደርቅ ሰው አይረግጠውምና። ቀቢው የመካ ሰው ነው፣ የኛው ዘር፤ አያቶቹ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ። አማርኛውን ከእናቱ ነው የሰማው፤ የጎደለውን በዐረብኛ ይሞላዋል። ቀደም ብሎ መጥቶ ቧንቧው ሥር ትንሽ ቦታ ለሙከራ ቀብቶ አሳይቶን ነበር። ዓዚል ይሉታል፤ ወፍራም ነጭ ቀለም ነው፣ ፀሐዩን ይመልሳል፣ ጨውና ውሃ አያስገባም። በጆግ ውሃ ሲያፈስበት ውሃው ጎመን ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጤዛ ድብልብል እያለ ተንከባለለ። ሐጃ በምርኩዛቸው ነካ ነካ አድርገው፣ እንግዲህ እግሬ ሳይቃጠል ከዐስር ሰላት በኋላ እዚህ እቀመጣለሁ ብለው እንደ ልጅ ተደሰቱ። እኔም ከዚያ ዱቄት መገላገሌን ሳስብ ቀቢውን በልቤ መረቅሁት።

ሐሙስ ጠዋት ሥራዬን ጨርሼ ለመንገዱ ልታጠብ ክፍሌ ገባሁና ቆለፍኩ። የተባለው ቀቢው ከቤቱ በኩል ይጀምራል፣ እኔ ታጥቤ እስክወጣ ወደኔ አይደርስም ነበር። እሱ ሲመጣ ግን ፀሐይ ቀድማ የምትመታው የኔን ጥግ መሆኑን አየ። ኮንክሪቱ ከጋለ በኋላ የተቀባ ቀለም ያብጣል፣ ይላጣል፤ ስለዚህ ጥላው ሳይሸሽ ብሎ ከኔ ደጃፍ ጀመረ። ውስጥ ሴት እየታጠበች መሆኗን ከውሃው ድምፅ አውቋል። ታዲያ እንዴት ያንኳኳ? አፈረ። እኔም ወንድ ጉሮሮውን ሲጠራርግ እሰማለሁ፣ ሮለሩ ሲንሸራተት እሰማለሁ። ፀጉሬ እርጥብ፣ ራሴ ያልተሸፈነ፤ እንዴት ልውጣ? እኔም አፈርኩ። ራቅ ይበልልኝ ብዬ ተቀመጥኩ። እሱ እኔን አክብሮ፣ እኔ እሱን አክብሬ፣ ተከባብረን ጉድ ሠራን።

ለባብሼ በሩን ስከፍት ከእግሬ ሥር እስከ ቤቱ ደረጃ ነጭ በነጭ ሆኗል። ቀቢው ዕቃውን ሸክፎ በቤቱ በኩል ወጥቶ ሄዷል። እናቴ የቤታችንን ወለል በእበት ስትለቀልቅ ከጓዳ ጀምራ ወደ በር እያፈገፈገች ነበር፣ ውስጥ ሰው እንዳይቀር። እሱ ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እንባዬ።

ባባ፣ የሐጃ ልጅ፣ ውጭ መኪናውን አስነስቶ ጥሩምባ ይነፋል። ማዳም ደረጃው ላይ ቆማ ቀለሙን አየች፣ እኔን አየች። ካርቶን ብናነጥፍስ አለች፤ ካርቶኑ ይጣበቃል። እስኪደርቅ ብንጠብቅስ፤ እስከ ነገ አይደርቅም። በመጨረሻ፣ ኻላስ፣ አንቺ ቅሪ፣ ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ ትሄጃለሽ አለችኝ። ክፋት የላትም፣ ሐቁን ልናገር። ግን የቱ ሌላ ጊዜ? በሩ ላይ ቁጭ አልኩና የአባቴን አደራ እዚያው የቀበርኩት መሰለኝ።

ሐጃ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ከማዳም ኋላ ብቅ አሉ። የሆነውን ለማወቅ ጥያቄ አላስፈለጋቸውም።

‹‹ተራመጂ፣ ልጄ›› አሉኝ። ‹‹ቀለም ተመልሶ ይቀባል።››

ጫማዬን አወለቅሁ። ለአገር መግቢያ የገዛሁት ነው፤ እሱን ከማበላሽ እግር ይታጠባል ብዬ ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ቢስሚላህ ብዬ ገባሁበት። ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። ማዳም ላለማየት ፊቷን አዞረች። ያን ዱካ በኋላ ቀቢው ፍቆ እንደገና ቀባው አሉ፤ እያጉረመረመ፤ አልፈርድበትም።

ደረጃው ላይ ስደርስ እግሬን በውሃ ልለቃለቅ ብል፣ ውሃው ድብልብል እያለ ወረደ። ውስጥ እግሬ ልክ እንደዚያ የቧንቧ ሥር ኮንክሪት ሆኗል። ባፍሰው ይሸሻል፣ ባሸው አይለቅም። ማዳም፣ ያላ፣ መኪና ውስጥ ትጠርጊዋለሽ፣ ረፈደብን አለች። ሐጃ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

‹‹ውሃ ቆዳዋን ካልነካ ውዱኡ ምኑን ውዱእ ሆነ?›› አሉ። ‹‹የወይራ ዘይትና ሊፋ አምጪልኝ።››

ማዳም ዘይቱን፣ የገላ ማሻውንና ሳሙናውን አመጣች። ሐጃ የሁልጊዜ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ማጎንበስ ስለማይችሉ እግሬን ወደ ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ፣ ለዑምራ ብለው በለበሱት አዲስ ጥቁር ዓባያ ላይ አሳረፉት። ደንግጬ ነጠቅኳቸው። ኧረ ሐጃ፣ ይሄስ አይሆንም፣ እኔ ራሴ አሻለሁ አልኩ። መልሰው ያዙት።

‹‹ስንት ዓመት የኔን አጥበሻል›› አሉኝ። ‹‹ዛሬ ዝም በይ።››

እግሬን ተውኩላቸው። ዘይቱን በመዳፋቸው አሞቁት፣ ቀቡኝ፣ በሊፋ አሹኝ፣ በጣቶቼ መሐል ጥፍራቸውን እየከተቱ ነጩን ለቀሙት። እኔ ለሳቸው እንደማደርገው አድርገው ነው ያደረጉት፣ አንድም አልዘለሉም። እንደተወለድኩ እናቴ አጥባኝ ይሆናል፤ እኔ የማስታውሰው ግን ያጠበኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ባባ ሊቆጣን ገብቶ አየንና ተመልሶ የመኪናውን ሞተር አጠፋው። ሳሙናው ታጥቦ፣ ውሃው እግሬ ላይ እንደ ውሃ ሲፈስ፣ ሐጃ፣ አሁን ውዱእሽን አድርጊ፣ ያላ አሉኝ።

መካ ስንደርስ ሐጃን በተሽከርካሪ ወንበር የምገፋው እኔ ነበርኩ። እብነ በረዱ በዚያ ሙቀት እግሬ ሥር ቀዝቃዛ ነበር። ከፊቴ ዓባያቸው ላይ የኔ እግር ያሳረፈው ነጭ ይታየኛል፤ እሳቸው ደንታም አልሰጣቸው። ካዕባ ብቅ ሲል ወንበሩን መግፋት አቃተኝ። እሳቸውም አልቸኮሉም፣ እጄን ከትከሻቸው ላይ ይዘው ጠበቁኝ።

ለዚያች ሰዓት ስለማመድ የኖርኩት የአባቴን ስም ነው፤ ሳጥብም፣ ስጠርግም፣ ስተኛም። አፌን ስከፍት ግን ቀድሞ የወጣው የሐጃ ስም ሆነ። አባቴን ከሳቸው ቀጥሎ ጠራሁት። አይቀየመኝም፤ ስሙን ይዤ እዚያ ድረስ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው።